ከወተቱ በፊት መለኪያው፦ ስለ ጉለሌ ብየዳ ቤቶች አየር የቀረበ አስተያየት

በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ እስከ ሩፋኤል፣ በመንገድ ዳርና በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ሼዶች ውስጥ በርና መስኮት፣ አጥርና አልጋ የሚበየድባቸው ሥራ ቤቶች አሉ። በእነዚህ ቤቶች የሚሠራ ወጣት ጢሱ ጉሮሮውን ሲያቃጥለው መድኃኒቱ ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ወተት ነው። አሠሪው ደግ ከሆነ ወተቱን ራሱ ይገዛለታል፤ ካልሆነም ሠራተኛው ከቀን ገቢው ቀንሶ ይጠጣል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከወተቱ ጋር አይደለም፤ ወተቱ ከሸፈነው ጉድለት ጋር ነው። በእነዚህ ቤቶች አየር ውስጥ ምን ነገር፣ በምን ያህል መጠን እንዳለ ሳይለካ የሠራተኛውን ጠባይ መመርመር ልማድ ያደረገው የድኅረ ምረቃ ምርምራችን ጥያቄውን ገልብጦ ይዞታል ብዬ አምናለሁ።

ወተት ጢስን ያጥባል የሚለው እምነት በብየዳ ቤት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ቀለም ቀቢውም፣ የጋራዥ ሠራተኛውም፣ ሲሚንቶ የሚሸከመውም ይጋራዋል፤ በአንዳንድ ድርጅቶችም በኅብረት ስምምነት ውስጥ እንደ ጥቅማ ጥቅም እስከ መስፈር ደርሷል። የእኛ ብቻም አይደለም፤ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ለጤና ጎጂ በሆነ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ሠራተኞች ወተት በሕግ ይታደል ነበር። ይሁን እንጂ ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው። ከብየዳ የሚነሣው ጢስ ግን አብዛኛው ቅንጣቱ ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ በመሆኑ አፍንጫና ጉሮሮ ሳያስቀሩት እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል፤ በዚያ ስፍራ ከደም የሚለየው እጅግ ስስ የሆነ ግድግዳ ብቻ ነው። በምግብ የሚገኝ ካልሲየም በሆድ በኩል የገባ እርሳስ ወደ ደም እንዳይሻገር በመጠኑ ሊያግዝ እንደሚችል ይታወቃል፤ ምናልባት የወተት ዝና ከዚህች ጥቂት እውነት ያገኘው ድጋፍ ይኖር ይሆናል። በሳንባ በኩል ለገባው ጢስ ግን ወተት አንዳች የሚያደርገው ነገር የለም። ለደከመ ሰውነት ምግብ ነው፤ ይህም የሚናቅ አይደለም። ሆኖም መከላከያ ተብሎ ሲቆጠር የአየር ማስወጫ ሊተከልበት ይገባ የነበረውን ቦታ ይይዛል።

የጢሱ ይዘት እንደሚበየደው ብረትና እንደ ኤሌክትሮዱ ዓይነት ይለያያል። ተራው ቱቦላሬና ላሜራ ሲበየድ ከብረት ኦክሳይድ ጋር ማንጋኒዝ ይነሣል። ዝገት የማይነካው ስቴንለስ ሲበየድ ክሮሚየምና ኒኬል ይከተላሉ፤ ከክሮሚየሙም ከፊሉ ካንሰር በሚያመጣው ባለ ስድስት ቫለንስ መልኩ ነው። አሮጌ ቀለም ያለበት በር በግራይንደር ሲፋቅ ወይም ቀለሙ ሳይነሣ ሲበየድ የእርሳስ ብናኝና ጢስ ይወጣል። አዲስ ቀለም ከ1 ሚሊዮን ክፍል ከ90 በላይ እርሳስ እንዳይኖረው የሚወስነው ደንብ ቁጥር 429/2010 ከመውጣቱ በፊት የተቀቡት በሮችና አጥሮች ደግሞ ገና ለብዙ ዓመታት ወደ ብየዳ ቤት ለጥገና መመላለሳቸው አይቀርም። ጋዞችም አሉ፤ የብየዳው ብርሃን በራሱ ከአየሩ ኦዞንና ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ይፈጥራል፤ መብራት ሲጠፋ ከበሩ ሥር የሚነሣው ጄኔሬተር ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የብየዳ ጢስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ፣ በመጀመሪያው ምድብ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በዚያው ጊዜ በዓለም ላይ 11 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በያጅ በሚል መጠሪያ እንደሚሠሩ፣ ሌሎች 110 ሚሊዮን ያህል ደግሞ ከብየዳ ጋር በተያያዘ ሥራ ለጢሱ እንደሚጋለጡ ገምቷል።

ከእነዚህ ሁሉ ለሐኪሞቻችን ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው የዚንኩ ጢስ ይመስለኛል፤ ገዳይ ስለ ሆነ ሳይሆን በሌላ ስም ስለሚጠራ። ዚንክ የተለበጠ ብረት የበየደ ሰው ጢሱን ከማገ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ያተኩሰዋል፤ ይቆረጥመዋል፤ ምላሱ ብረት ብረት ይለዋል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥም ይተወዋል። ከዕረፍት ቀን በኋላ፣ ሰኞ ማታ ይብሳል፤ ሰውነቱ በሥራ ቀናት የለመደውን በዕረፍቱ ይረሳዋልና። ቤተሰቡ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ያሸታል። ጤና ጣቢያ የሄደም እንደ ሆነ ትኩሳቱ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ ተብሎ ሊታከም ይችላል፤ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ስለሚተው መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፉ ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቃቸው ነገሮች ላይ ሥራው ምን እንደ ሆነ መጠየቅን እንዲጨምር መክሮ ነበር። በካርድ ላይ «የግል ሥራ» ተብሎ የሚጻፈው መልስ ለራማዚኒ ጥያቄ የሚበቃ አይደለም።

ማንጋኒዝ በተቃራኒው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ስኮትላንዳዊው ኩፐር የማንጋኒዝ ማዕድን በሚፈጩ ሠራተኞች ላይ የእግር መዛልና የአረማመድ መዛባት ማየቱን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። የፓርኪንሰን ሕመምን የሚመስለው ይህ ጉዳት የሚታየው ከረጅም ጊዜ መጋለጥ በኋላ በመሆኑ፣ በሃያ ዓመቱ ብየዳ የጀመረ ወጣት ላይ ዛሬ ቢፈለግ አይገኝም።

አሁን ወደ ራሳችን ምርምር ልመለስ። በሥራ ቦታ ጤንነት ዙሪያ የሚቀርቡ ብዙዎቹ የመመረቂያ ጽሑፎች አንድ ዓይነት አካሄድ አላቸው። መጠይቅ ይዘጋጃል፤ በያጁ ጭምብል፣ ጓንትና መነጽር ይጠቀም እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ የማይጠቀሙት በመቶኛ ይሰላሉ፤ የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ከአጠቃቀሙ ጋር ይዛመዳሉ፤ በመጨረሻም ለሠራተኞች የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ይሰጥ ይባላል። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚህ አካሄድ ውስጥ አየሩ የለም። ጥናቱ አንድም የማንጋኒዝ ወይም የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ሳያሳይ የችግሩን መነሻ በሠራተኛው ጭንቅላት ውስጥ አስቀምጦ ይደመድማል። ሠራተኛው አደርገዋለሁ ብሎ የሚመልሰው ጭምብል ምን ዓይነት እንደ ሆነም አይጠየቅም፤ ፊት ላይ የታሰረ ጨርቅም ሆነ የሕክምና ማስክ ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰን የብረት ጢስ ለማስቀረት የተሠራ አይደለም። ስለዚህ «ይጠቀማል» እና «አይጠቀምም» ተብለው የተነጻጸሩት ሁለት ቡድኖች በሳንባቸው የሚያስገቡት አየር አንድ ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ የመጣል ልማድ በዚህ ሰፈር ከመጠይቅ በፊትም ነበረ። ቀጨኔ የብረት ቀጥቃጮች፣ የሸማኔዎችና የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። ቀጥቃጩን በሙያው መስደብ፣ የሌላውን ሰው ሕመምም በእሱ ዓይን ማሳበብ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። የዛሬው መጠይቅ ማንንም አይሰድብም፤ ሆኖም ከቀጥቃጩ ልጅ ፊት ቆሞ ጢሱን ሳያይ እሱን ብቻ ያያል።

በአንድ ጊዜ የሚደረግ ዳሰሳ ሌላም ችግር አለበት፤ በሥራ ላይ የሚገኙት የቻሉት ናቸው። ሳል ያሸነፈው፣ ትንፋሽ ያጠረው ወጣት ሙያውን ትቶ ሊስትሮ ወይም ጥበቃ ሆኗል፤ አለዚያም ወደ መጣበት ገጠር ተመልሷል። በሼዱ ውስጥ የምናገኛቸው ሠላሳ በያጆች ጤነኛ መሆናቸው የሼዱን አየር ጤነኝነት አያስረዳም። የቀሩትን እየቆጠሩ የሄዱትን ሳይፈልጉ መደምደም በኢፒዴሚዮሎጂ ክፍል የመጀመሪያ ዓመት የሚነገር ስሕተት ነው፤ ሆኖም የሄዱትን ፍለጋ ወጪና ጊዜ ስለሚጠይቅ በገደብ ዝርዝር ውስጥ በአንድ መስመር ይታለፋል።

መለካት በአገራችን የማይቻል ነገር ሆኖ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በሲሚንቶና በቡና ማበጠሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ልብስ ላይ የአየር መቅጃ አስረው የግለሰብ ተጋላጭነትን ለክተዋል። በጅማ ከተማ በጋራዥ ሠራተኞች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናትም ደም ቀድቶ እርሳስ ለክቷል፤ ከ45ቱ ሠራተኞች የሁሉም የደም እርሳስ ከ10 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በላይ ሆኖ ሲገኝ፣ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከ20 በላይ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ መጠኑ 5 በደረሰ ሰው ላይ የእርሳሱ ምንጭ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። የጅማው ቁጥር ከማንኛውም የግንዛቤ መቶኛ ይልቅ ይናገራል። እንግዲህ ቁጥሩ ለእርሳስ በደም ይገኛል፤ ለማንጋኒዝ ግን ደምም ሽንትም አስተማማኝ ምስክር ስላልሆኑ አየሩን ራሱን ከመቅዳት በቀር መንገድ የለም።

የጉለሌ አየር ሲለካ ደግሞ ከመማሪያ መጻሕፍት የማይገለበጥ ነገር አለው። ክፍለ ከተማው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሂሞግሎቢን ጋር ለመጣበቅ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል። ስለዚህ ኦክስጅኑ በቀነሰበት ስፍራ ያው የጋዝ መጠን የሚይዘው የሂሞግሎቢን ድርሻ ከፍ ይላል፤ ሸክም የሚያነሣ ሠራተኛም ብዙ አየር ይስባል። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ንጽሕና ባለሙያዎች ጉባኤ ወሰን፣ ለስምንት ሰዓት 25 ፒፒኤም፣ የተሰላው በደም ውስጥ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘው ሂሞግሎቢን ከ3.5 በመቶ እንዳይበልጥ ታስቦ ነው። ያ ስሌት ለጉለሌ ሠራተኛ ይሠራል ወይ የሚለው ክፍት ጥያቄ ነው፤ እንዲያውም በሁለት በኩል ክፍት ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በስሜን ተራሮች በአምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሂሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ብዙ የማይለይ መሆኑን አሳይተዋል፤ ይህም ከአንዲስም ከቲቤትም ነዋሪዎች የተለየ ነው። እንዲህ ያለ ሰውነት ለካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሰጠው ምላሽ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከኢትዮጵያ ደጋ የተሻለ ቦታ የለም። ከጋሞ ወይም ከጉራጌ ቆላ ወደ ጉለሌ የመጣው ወጣትስ? አንድ የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ርእስ ሊያገኝ አይችልም።

ከፍታው በስሌት ላይም ወጥመድ አለው። ፒፒኤምን ወደ ሚሊግራም በሜትር ኩብ ለመቀየር በየመጽሐፉ የሚገኘው 24.45 የሚለው ቁጥር ለባሕር ወለል ግፊትና ለ25 ዲግሪ ሙቀት ብቻ የሚሆን ነው። በአዲስ አበባ ተመሳሳዩ ቁጥር ወደ 33 ይጠጋል። 24.45ን እንዳለ የተጠቀመ ተማሪ የጋዙን ክብደት በሲሶ ገደማ አብልጦ ይጽፋል። የአየር መቅጃ ፓምፑም በሌላ ስፍራ የተስተካከለ ከሆነ እዚሁ እንደ ገና መስተካከል ይኖርበታል። ጥቃቅን ነገሮች ይመስላሉ፤ ነገር ግን የማንጋኒዝ ወሰን ራሱ ከአገር አገር ይህን ያህል በሚራራቅበት ሁኔታ ስሕተት መጨመር አያስፈልግም። የአሜሪካ የሠራተኛ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጣሪያ አሁንም 5 ሚሊግራም በሜትር ኩብ ሲሆን፣ የንጽሕና ባለሙያዎቹ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ሳንባ ለሚዘልቀው ቅንጣት የስምንት ሰዓት አማካይ ወሰኑን 0.02 አድርጎታል። ሁለቱ የሚለኩት አንድ ዓይነት ባይሆንም፣ የትኛውን ወሰን እንደ ጠቀስን ሳንናገር «ከወሰን በታች ነው» ብለን ብንጽፍ ምንም አልተናገርንም።

ወቅቱም ይታሰብበት። መረጃ የሚሰበሰበው ብዙ ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ፀሐይ በሆነበት፣ ብየዳውም ደጅ ላይ ወይም በሩ ተበርግዶ በሚከናወንበት ወራት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የእንጦጦ ዝናብና ብርድ ሲገባ ሼዱ ይዘጋል፤ ጄኔሬተሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጢሱ መውጫ ያጣል። በዚያን ጊዜ ተማሪው ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሄዷል። በበጋ ብቻ የተለካ አየር የዓመቱ አየር ተደርጎ ሊጻፍ አይገባም።

ሕጉን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት የሚጠብቅ እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል፤ ኢትዮጵያም የዓለም የሥራ ድርጅትን የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ነገር ግን አዋጁ የሚቆመው አሠሪና ሠራተኛ ተለይተው በሚታወቁበት ቤት ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በርና መስኮት ለማቅረብ በብዛት በተደራጁት ማኅበራት ውስጥ አባሉ ራሱ ባለቤት ነው፤ ታምሞ ቢወድቅ የሚጠይቀው አሠሪ የለም። ከእሱ በታች ደግሞ ሙያ ሊማር የመጣ፣ ደመወዙ ምሳና ትራንስፖርት የሆነ ተለማማጅ አለ። አዋጁ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጓል፤ ብረቱን በእጁ ደግፎ ጢሱ መሐል የሚቆመው ግን ብዙ ጊዜ ይኸው ልጅ ነው። በሠራተኛ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ስለሌለ በናሙናችንም ውስጥ የለም።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርበው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ብትለኩና ከወሰን በላይ ሆኖ ብታገኙት ወረዳው ሼዱን ያሽገዋል፤ ልጆቹም እንጀራቸውን ያጣሉ ይባላል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው በጥናቱ ንድፍ ውስጥ መግባት አለበት። የሥራ ቤቱ አድራሻ ከውጤቱ ጋር ተያይዞ ለማንም እንዳይሰጥ የሥነ ምግባር ኮሚቴው በጽሑፍ ሊይዘው ይችላል። ከዚህም በላይ ጥናቱ ለበያጁ የሚመልሰው ነገር ሊኖረው ይገባል። የመፍትሔዎቹ ብዙዎቹ ፋብሪካ የሚጠይቁ አይደሉም፤ ከመበየድ በፊት ዚንኩንና አሮጌውን ቀለም ከመገጣጠሚያው ላይ ማንሣት፣ ነፋሱን ከጎን አድርጎ ጭንቅላትን ከጢሱ ዐምድ ማውጣት፣ ጄኔሬተሩን ከግድግዳው ውጪ ማኖር፣ ከብየዳው አጠገብ ጢሱን ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያና ቧንቧ መትከል። የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ቧንቧውን ይሥራ፤ የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዋ ከመተከሉ በፊትና በኋላ ትለካ። ጭምብል የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ ለተረፈው ጢስ ነው።

የሚያስፈልጉት ተቋማትም ሩቅ አይደሉም። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ሰፈሩም ፓስተር የሚለውን መጠሪያ ያገኘው ከቀድሞ ስሙ ነው፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅም እዚሁ ጉለሌ ውስጥ ናቸው። የስድስት ኪሎ ግቢ ከሽሮ ሜዳ በእግር የሚደረስበት ነው። በሦስቱ መካከል ፓምፕ ተውሶ፣ ማጣሪያ መዝኖ፣ ደም ቀድቶ የሚመረምር አንድ የጋራ ቡድን ቢቋቋም በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ክረምቱን ጨምሮ፣ ሃያ ሥራ ቤቶችን መሸፈን አይከብደውም። ውጤቱም ለመጽሔት ከመላኩ በፊት በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፎ ለእያንዳንዱ ቤት ይሰጥ፤ በሩ ተዘግቶ የተለካው ይህን ያህል፣ በሩ ተከፍቶ ይህን ያህል፣ ማራገቢያው እየሠራ ይህን ያህል ተብሎ።